ያለ ሽቦ ለየቤቱ ሊታደል ስለ ታሰበው የኤሌክትሪክ ኀይል፤ የዋርደንክሊፍ ማማ ታሪክ አጭር ምርመራ

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በተከታተልንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የመብራቱ ሞተር ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ይጠፋ ነበር። ከዚያም በኋላ በመኝታ ቤቱ ጨለማ ውስጥ እንቅልፍ እስኪወስደን ድረስ ከምንጫወታቸው ነገሮች አንዱ የኒኮላ ቴስላ ታሪክ ነበር። ታሪኩም እንዲህ ይላል፤ ቴስላ የሚባል ሊቅ በምድር ላይ ላለው ቤት ሁሉ የኤሌክትሪክ ኀይልን ያለ ሽቦና ያለ ዋጋ የሚያድል ማማ ሠራ፤ ገንዘቡን የሰጠው ጆን ፒየርፖንት ሞርጋን የተባለው ባለጸጋ ግን ነገሩ በገባው ጊዜ «ታዲያ ቆጣሪውን የት ላይ እናስቀምጠዋለን?» ብሎ ጠየቀና ገንዘቡን ከለከለ፤ ማማውም ፈረሰ፤ ዓለምም በሽቦ ታስሮ ቀረ።

በጨለማ ለተቀመጥን ልጆች ይህ ታሪክ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ለጨለማችን ተጠያቂ የሚሆን ሰው አግኝተንለት ነበርና። ወደ ኮሌጅ ከገባን በኋላ ይህንኑ ታሪክ በአንድ ክርክር ላይ እንደ ማስረጃ አድርገን ስናቀርበው፥ አንድ መምህራችን «ይህን የጻፈው ማን ነው? የጻፈውስ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን፤ እኛም መልስ አጣን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለመመርመር አስበናል፤ እነርሱም፥ ቴስላ በእርግጥ ሊሠራ ያሰበው ምን ነበር? ሥራው የተቋረጠበት ምክንያት ምንድን ነው? ማማው ቢፈጸምስ ኖሮ ኀይል ያለ ሽቦ ለየቤቱ ይደርስ ነበርን? የሚሉት ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ አነሣሥ

ኒኮላ ቴስላ ያን ጊዜ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር በነበረችው፥ ዛሬ በክሮኤሺያ ውስጥ በምትገኘው ስሚልያን በምትባል መንደር ሐምሌ 10 ቀን 1856 ተወለደ። አባቱ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በ1884 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ፤ ከ4 ዓመትም በኋላ በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚሠራው ሞተሩ የባለቤትነት መብት አገኘና የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በውል ተቀበለው። በ1893 የተደረገው የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተለዋዋጭ ጅረት በራ፤ በኅዳር ወር 1896 ደግሞ ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ኀይል በሽቦ ተጕዞ ቡፋሎ ከተማ ገባ።

ይህን ያነሣነው ለሕይወት ታሪኩ ብለን ብቻ አይደለም። ሽቦን ለማስቀረት የተነሣው ሰው፥ ኀይል በሽቦ ወደ ሩቅ አገር እንዲሄድ ካደረጉት ሰዎች አንዱና ዋነኛው መሆኑ እንዳይዘነጋ ብለን ነው። ስለዚህ ሐሳቡን እንደ ሕልመኛ ቅዠት አድርጎ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ግንቦት 20 ቀን 1891 በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ንግግር ሲያደርግ፥ አየር የወጣላቸውን የመስተዋት ቱቦዎች ይዞ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ቆመ። ቱቦዎቹም ምንም ሽቦ ሳይነካቸው በእጁ ላይ በሩ። በሚከተለው ዓመት በለንደንና በፓሪስ ተመሳሳይ ትርኢት አሳየ። ሐሳቡ በግልጽ መሠረት የያዘው ከዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

የነገሩን አሠራር ለመረዳት ክራርን ማሰብ ይበቃል። ሁለት ክራሮች በአንድ ቅኝት ተቃኝተው ጎን ለጎን ቢቀመጡና የአንዱን ክር ብንመታ፥ የሌላው አቻ ክር ማንም ሳይነካው ይርገበገባል፤ ቅኝታቸው ቢለያይ ግን ዝም ይላል። ቴስላም የኤሌክትሪክን ንዝረት በዚሁ አኳኋን ለማቃኘት አሰበ። ኀይል የሚሰጠው ጥቅል ሽቦና የሚቀበለው ጥቅል ሽቦ በአንድ ቅኝት ከተቃኙ ኀይሉ ክፍተቱን ተሻግሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገባል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ እውነት ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ጥያቄው የሚመጣው በርቀት ላይ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ክራሮች ያደረጉትን፥ አንዱ በእንጦጦ ሌላው በአቃቂ ቢሆኑ ያደርጉታልን?

የኮሎራዶ ሙከራ

ቴስላ ይህን የርቀት ጥያቄ ለመፍታት በግንቦት ወር 1899 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄደ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ ነጐድጓድም የሚበዛበት አገር ነው። በዚያም ከሳንቃ የተሠራ ላቦራቶሪ አቆመ፤ ውስጡ 15 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ጥቅል ሽቦ ነበረ፤ ከጣራውም በላይ በጫፉ የመዳብ ኳስ የተቀመጠበት ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም ምሰሶ ተተከለ። ከዚህ መሣሪያ በሚሊዮን የሚቈጠር ቮልት እየተነሣ ሰው ሠራሽ መብረቅ ይወጣ ነበር።

ሐምሌ 3 ቀን 1899 ብርቱ ነጐድጓድ ከአካባቢው አልፎ ሲርቅ፥ ቴስላ በመሣሪያው ላይ የሚታየው ምልክት እየደከመ ሄዶ እንደ ገና ሲበረታ፥ ደግሞ ሲደክም አየ። ከዚህም ተነሥቶ ምድር ራስዋ እንደ ተመታ ደወል ልትንቀሳቀስ ትችላለች ብሎ ደመደመ። ከዚያች ቀን በኋላ ሥራው ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው። አየሩ መንገድ እንዲሆነው ከመፈለግ ይልቅ ምድርን እንደ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መንገድ አድርጎ ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ በወሬና በጽሑፍ ማስረጃ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ጆን ኦኒል የተባለው ጋዜጠኛ ቴስላ ከሞተ በኋላ በ1944 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ውስጥ፥ ቴስላ በኮሎራዶ ሳለ 26 ማይል ማለት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የነበሩ 200 አምፑሎችን ያለ ሽቦ አበራ ይላል። ብዙ መጻሕፍትም ይህን ተቀብለው ይደግሙታል። ነገር ግን ቴስላ በዚያ ስፍራ በየቀኑ የጻፈው ማስታወሻ በ1978 በቤልግሬድ በሚገኘው የቴስላ ሙዚየም ታትሞ ወጥቷል፤ በውስጡም እንዲህ ያለ ሙከራ አልተመዘገበም። ቴስላ ራሱ በ1900 በአንድ መጽሔት ላይ ያወጣው ፎቶግራፍ የሚያሳየው ከመሣሪያው 100 ጫማ ማለት 30 ሜትር ያህል ርቀው የበሩ ጥቂት አምፑሎችን ነው። እንዲሁም በመብረቅ ጎርፍ ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶግራፍ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ የተነሣ ነው፤ ይህንንም ቴስላ አልደበቀም፤ በማስታወሻው ጽፎታል። ከ30 ሜትር እስከ 42 ኪሎ ሜትር ያለውን ልዩነት የጨመሩት ታሪኩን የተረኩት ሰዎች ናቸው።

ዋርደንክሊፍ

ቴስላ በጥር ወር 1900 ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ይፈልግ ጀመር። በ1901 መጀመሪያ ላይ ሞርጋን 150,000 ዶላር ሊሰጠው ተስማማ፤ በለውጡም በቴስላ የፈጠራ መብቶች ውስጥ የ51 በመቶ ድርሻ እንዲኖረው ተዋዋለ። የገንዘቡም ዓላማ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶና ማዶ የቴሌግራም ቃል ያለ ሽቦ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ለመሥራት ነበር። ይህ ነጥብ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን። ሞርጋን የከፈለው ለመልእክት ነው እንጂ ለቤት መብራት አልነበረም።

መሬቱን ጄምስ ዋርደን የተባለ ሰው በሎንግ አይላንድ ላይ ሾረሃም በተባለው ስፍራ ሰጠ፤ ዋርደንክሊፍ የተባለውም በእርሱ ስም ነው። የላቦራቶሪውን የጡብ ቤት ንድፍ ያወጣው ስመ ጥሩው አርክቴክት ስታንፎርድ ኋይት ነበር። ከቤቱ አጠገብ 57 ሜትር ከፍታ ያለው ከእንጨት የተሠራ ማማ ቆመ፤ በራሱ ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ እንደ እንጉዳይ ራስ የተደፋ ትልቅ ጉልላት ተቀመጠ። ከሥሩም ወደ ምድር ውስጥ 120 ጫማ ያህል የሚወርድ ጕድጓድ ተቈፈረ፤ ቴስላ የቤቱን መሠረት ያህል ይጠነቀቅለት የነበረው ለዚህ ጕድጓድ ነው፤ ምድርን «የሚጨብጠው» በእርሱ ነበርና።

ሥራው ገና በጅምር ሳለ ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ጉሊዬልሞ ማርኮኒ ከእንግሊዝ አገር የተላከ የአንዲት ፊደል ምልክት በኒውፋውንድላንድ መቀበሉን አስታወቀ። ማርኮኒ ይህን ያደረገው የቴስላን ያህል ማማ ሳያቆም፥ በኒውፋውንድላንድ በኩል አንቴናውን በካይት ወደ ሰማይ አንሥቶ ነው። በቴስላ ስፍራ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዕቅዱን አሳንሶ ቶሎ ለመፈጸም በቸኰለ ነበር። እርሱ ግን በተቃራኒው ዕቅዱን አሰፋው። የዕቃ ዋጋም ስለ ተወደደ ገንዘቡ ማማው ሳይፈጸም አለቀ።

የቆጣሪው ወሬ ሲመረመር

ቴስላ ሐምሌ 3 ቀን 1903 ለሞርጋን ደብዳቤ ጻፈ። በዚህም ደብዳቤ ከቴሌግራሙ የሚበልጥ ምሥጢር እንዳለው፥ እርሱም ኀይልን ያለ ሽቦ ማስተላለፍ መሆኑን ገለጠ፤ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ ሞርጋን ከቢሮው ያስወጣው እንደ ነበረም ራሱ ጨምሮ ጻፈ። የሞርጋን መልስ ሐምሌ 14 ቀን የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ለጊዜው ተጨማሪ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለሁም ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልሰጠበትም። ስለ ቆጣሪ የተጻፈ አንዳች ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ከተላለፉትና ከሚታወቁት ደብዳቤዎች በአንዱም ውስጥ ይህ ጥያቄ አይገኝም።

ወሬው በራሱ አሳብም ቢመዘን አይጸናም። አንደኛ፥ ቴስላ ኀይሉን በነጻ ለመስጠት የተነሣ መነኵሴ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ሐሳቡን በባለቤትነት መብት ያስመዘገበ፥ ከትርፉም ድርሻ የሚጠብቅ የፈጠራ ሰው ነበር። ሁለተኛ፥ ተቀባዩ መሣሪያ ከሰጪው ጋር ካልተቃኘ ኀይል ስለማይቀበል፥ መሣሪያውን የሚሸጥና የሚያከራይ ኩባንያ ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ አያጣም ነበር። ሦስተኛ፥ ሞርጋን የመብቱ የ51 በመቶ ባለ ድርሻ ስለ ነበረ ነገሩ ቢሳካ ከማንም በፊት የሚጠቀመው እርሱ ነበር። ለቴሌግራም ገንዘብ ሰጥቶ ቴሌግራሙን ሳያገኝ፥ ተወዳዳሪው ማርኮኒም ቀድሞ ሳለ፥ ከዚህ በላይ አልሰጥም ማለቱን ለማስረዳት ቆጣሪ አያስፈልግም።

እርግጥ ነው፥ ሞርጋንን ከወቀሳ ሁሉ ነጻ ለማውጣት አልተነሣንም። በጊዜው በአሜሪካ የባቡር ሐዲድና የብረት ሥራ ላይ እጅግ ብዙ ሥልጣን የነበረው ሰው ነው፤ እርሱ የተወውን ሥራ ሌላ ባለ ገንዘብ ደፍሮ የማይዘው መሆኑም ቴስላን ጎድቶታል። የምንለው፥ አንድ ሰው ባልተናገረው ቃል ሊፈረድበት አይገባም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭርና አሳዛኝ ነው። በ1905 እና በ1906 ሥራው ቆመ። ቴስላ ይኖርበት ለነበረው ለዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የነበረበት ዕዳ እየበዛ ስለ ሄደ በ1915 የቦታው ስም ወደ ሆቴሉ ባለቤቶች ተላለፈ። እነርሱም ማማውን በ1917 በፈንጂ አፍርሰው ብረቱንና እንጨቱን ለመሸጥ ሞከሩ። በጦርነቱ ምክንያት የጀርመን ሰላዮች እንዳይጠቀሙበት መንግሥት አፈረሰው የሚለውም ሌላ ወሬ ነው። ቴስላ ጥር 7 ቀን 1943 በኒውዮርክ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞተ።

ተፈጥሮ የሰጠችው መልስ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመጣለን። ሞርጋን ገንዘቡን ጨምሮ ቢሆን ኖሮስ? ይህን የሚፈርደው ደብዳቤ ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው።

አንድ ጣቢያ 10,000 ኪሎ ዋት ኀይል በዙሪያው ሁሉ እኩል ቢበትን፥ ኀይሉ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲደርስ 1,257 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በሚሆን የሉል ገጽ ላይ ይዘረጋል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 0.008 ዋት ብቻ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቤት የወረደለትን ኀይል ሁሉ አንዳች ሳያስቀር ቢሰበስብ እንኳ 1 ዋት አይሞላለትም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድርሻው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የሬዲዮ ድምፅ ለመስማት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ተቀባዩ በራሱ ኀይል ያጐላዋልና። እንጀራ ለመጋገር ግን ምንም አይደለም። መልእክት ጥቂት ይበቃዋል፤ ኀይል ግን ራሱ ዕቃው ስለ ሆነ በመንገድ የቀረው ቀረ ማለት ነው።

ቴስላ ይህን ያውቅ ነበር። በአየር የሚበተን ሞገድ ለኀይል እንደማይሆን እርሱ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ምድርን የመረጠውም ስለዚህ ነው። በሐሳቡ ምድር ውሃ የሞላባት አቍማዳ ትመስላለች፤ አንዱን ጫፍ ብንጫን ግፊቱ በሌላው ጫፍ ይታወቃል፤ ተቀባይ ከሌለ ደግሞ ኀይሉ አይባክንም። ስሕተቱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ምድር ኀይልን ያለ ኪሳራ የምታስተላልፍ አይደለችም፤ ጅረቱ በአፈሩና በባሕሩ ውስጥ እየተበተነ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጀርመናዊው ሊቅ ቪንፍሪድ ኦቶ ሹማን በ1952 እንዳስረዳው በምድርና በላይኛው የአየር ክፍል መካከል ያለው ክፍተት በእርግጥ እንደ ደወል ይርገበገባል፤ ይኸውም በሰከንድ 8 ጊዜ ያህል ነው፤ የሚመታውም መብረቅ ነው። ስለዚህ የቴስላ ግምት ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። ዳሩ ግን ይህ ደወል ቶሎ የሚሞት ደወል ነው፤ ንዝረቱ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ ይጠፋል። ቴስላ ይሠራበት የነበረው በሰከንድ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ንዝረት ደግሞ ከዚህ የባሰ ይደክማል። በዚህ መንገድ የተላከ ኀይል ሰው ለሌለበት ውቅያኖስና በረሓ ሁሉ እየታደለ ለቤቶቹ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር።

ከማማው በኋላ

ሐሳቡ ግን ከማማው ጋር አልተቀበረም። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ርቀትን በሁለት መንገድ ተቋቋሙት።

አንደኛው መንገድ ኀይሉ እንዳይበተን አጥብቦ ወደ አንድ ዒላማ መላክ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልያም ብራውን በ1964 ከመሬት በተላከ የማይክሮዌቭ ጨረር ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሄሊኮፕተር 18 ሜትር ያህል ወደ ላይ አስነሣ። በ1975 ደግሞ በካሊፎርኒያ በጎልድስቶን 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለቆመ ተቀባይ ሰሌዳ ከ30 ኪሎ ዋት በላይ ኀይል ያለ ሽቦ ደረሰ። ነገር ግን ላኪው 26 ሜትር ስፋት ያለው ሳሕን ነበረ፤ ተቀባዩም በቀጥታ የሚታይ መሆን ነበረበት። ይህን ለእያንዳንዱ ጎጆ ማድረግ ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው መንገድ ርቀቱን ማሳጠር ነው። በ2007 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በማሪን ሶሊያቺች የሚመራ ቡድን በተቃኙ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች 2 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የ60 ዋት አምፑል አበራ፤ ከተላከው ኀይልም 40 በመቶ ያህሉ ደረሰ። ሶሊያቺች የተወለደው በክሮኤሺያ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው። ዛሬ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያለ ሽቦ የሚሞላው ስልክም የዚህ ሐሳብ ዘመድ ነው። እንግዲህ ክራሮቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ይሰማማሉ፤ በእንጦጦና በአቃቂ ሲሆኑ ግን አይሰማሙም።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነው እንደሚያስረዳው፥ የዋርደንክሊፍ ማማ የቆመው ገንዘቡ ለአንድ ዓላማ ተሰጥቶ ለሌላ ስለ ዋለ፥ ማርኮኒም ስለ ቀደመ ነው፤ ቢፈጸምም ኖሮ ተፈጥሮ ራስዋ ባልፈቀደች ነበር። የቆጣሪው ጥያቄ በጊዜው ምስክር የሌለው ወሬ ነው። ሆኖም «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» እንደሚባለው፥ በልጅነታችን በጨለማ የሰቀልነውን ይህን ወሬ ለማውረድ ብዙ ንባብ ጠይቆናል።

ወሬውን ማውረዱ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሳችን ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልደረሰበት ገጠር በአገራችን ገና ብዙ ነው። ብርሃኑ ተገኝቶ ሳለ ክፉ ባለጸጋ ደበቀው ብሎ የሚያምን ሰው የተደበቀውን እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ችግሩ የርቀትና የኪሳራ መሆኑን የተረዳ ሰው ግን ርቀቱን የሚያሸንፍበትን ብልሃት ይፈልጋል።

ብልሃቱም ቴስላ ካየው ሩቅ አልነበረም። በ1900 በዚያው መጽሔት ላይ የጻፈው ረዥም ጽሑፍ ስለ ፀሐይ ኀይል በሰፊው ይናገራል። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለች በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ያለ ሽቦ ትልካለች። ከማማው 1 ዋት የማይሞላ ያገኝ የነበረው ያ ባለ 100 ካሬ ሜትር ጣራ በዚያች ሰዓት 100 ኪሎ ዋት ያህል ይወርድበታል፤ ዛሬ የሚሠሩት የፀሐይ ሰሌዳዎችም ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። በትምህርት ቤታችን የመኝታ ቤት ጣራ ላይም ይህ ኀይል ቀኑን ሁሉ ይወርድ ነበር፤ እኛ ግን ማታ ከሥሩ ተኝተን ስለ ቆጣሪው እናወራ ነበር።